የቁርስ ቤቱ ፉል በተማሪ ድስት

በልጅነታችን አባት ወይም አጎት እጃችንን ይዞ ቁርስ ቤት ያስገባን፤ ፉል በብረት ሳሕን እየተንተከተከ ሲቀርብልን በትኩስ ዳቦ እየጠቀስን የበላን ተማሪዎች ብዙ ነን። ዛሬ ከወላጆቻችን ርቀን በመኝታ ክፍልና በኪራይ ቤት ስንኖር ያ ጣዕም ይናፍቀናል። ናፍቆት ብቻውን ለአንድ ጽሑፍ የሚበቃ ምክንያት አይደለም የሚል ቢኖር ሁለት ነገር እንጨምርለታለን። አንደኛ፤ ምግብ ቤት ገብቶ መብላት ለተማሪ ኪስ እየከበደ መሄዱን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛ፤ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፤ በተለይም በፒያሳ አካባቢ፤ ብዙ አሮጌ ቤቶች ለአዲስ ግንባታ ሲፈርሱ በውስጣቸው የነበሩት ትንንሽ ምግብ ቤቶችም አብረው ተበትነዋል። ቤት ሲፈርስ ሙያውም አብሮ ይሄዳል፤ ባለሙያው በእጁ ያውቀዋል እንጂ በወረቀት ጽፎ አላስቀመጠውምና። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የቁርስ ቤቱን ፉል በራሳችን ድስት መሥራት ይቻላልን? መልሳችን፤ አዎን ይቻላል፤ ነገር ግን ባቄላው ለምን እንደሚበስልና ለምን እንደማይበስል ለተረዳ ሰው ነው የሚል ነው።

ፉል ከየት መጣ?

ፉል የሚለው ቃል ዐረብኛ ነው፤ ትርጉሙም ባቄላ ማለት ነው። ምግቡ በግብፅ፣ በሱዳንና በየመን የታወቀ የጧት ቁርስ ነው። ግብፆች «ፉል መደመስ» ይሉታል፤ አንገቱ ጠባብ በሆነ ማሰሮ አድርገው በለዘብተኛ እሳት ሌሊቱን ሙሉ ያበስሉታል። ስሙም የአበሳሰሉም ዘዴ ወደ እኛ የመጣ ከእነዚህ ጎረቤቶቻችን ነው።

ባቄላው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እሸቱን በማሳው ዳር እንበላለን፤ ቆሎውን እንቆረጥማለን፤ አሹቁን፣ ንፍሮውንና ሽሮውን ከእናታችን ጓዳ እናውቃለን፤ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይቀርባል፤ በጾም ወራት ሥልጆ አለ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ባቄላ በብዛት ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ከውጭ የመጣው ዘዴው እንጂ እህሉ አይደለም። እኛም በበኩላችን በርበሬውን፣ ቃሪያውንና የተነጠረ ቅቤውን ጨምረን የራሳችን አድርገነዋል።

ትዝታን ወደ ጥያቄ መለወጥ

የጠፋን ጣዕም መፈለግ የቤተ ሙከራ ሥራ ይመስላል። «በጣም ይጣፍጥ ነበር» የሚለው ትዝታ ለድስት አይጠቅምም፤ መከፋፈልና መጠየቅ ያስፈልጋል። ፉሉ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጠን ያለ? ባቄላው ሙሉ በሙሉ የደቀቀ ነበር ወይስ ፍሬው ይታይ ነበር? ሽንኩርቱ ጥሬ ነበር ወይስ የተቁላላ? ከላይ የፈሰሰበት ዘይት ነበር ወይስ ቅቤ? ከሙን ይሸት ነበርን? እርጎ ወይም እንቁላል ነበረበትን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያገኘ ሰው የሥራውን እኩሌታ ጨርሷል።

ሽታውን በተለይ ማስታወስ ይገባል። ምላስ የምትለየው ጨዋማውን፣ ጣፋጩን፣ ኮምጣጣውን፣ መራራውንና ሥጋ ሥጋ የሚለውን ጣዕም ነው። የቀረው፤ «ጣዕም» የምንለውም አብዛኛው ነገር፤ በአፍንጫ የሚታወቅ ሽታ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ምግብ ሁሉ ገለባ ገለባ የሚለን ስለዚህ ነው። ደግሞም የሽታ ስሜት በአንጎል ውስጥ ትዝታና ስሜት ከሚያዝባቸው ክፍሎች ጋር በቅርብ የተያያዘ በመሆኑ፤ የተቆላ ከሙን ሽታ አንድን ሰው ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ ቢመልሰው የሚያስገርም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ዛሬ ከሙኑንም ዘይቱንም ባቄላውንም የለወጠ ሰው ነገ ፉሉ ቢጣፍጥለት በየትኛው ምክንያት እንደጣፈጠ አያውቅም። ደግሞም ልኩን ማወቅ ደግ ነው፤ ባቄላና ዘይት በገበያ ይገኛሉ፤ የልጅነት ረኃብና የአባት ቸርነት ግን በኪሎ አይሸጡም።

ባቄላው ለምን አልበስል ይላል?

በቤት የተሠራ ፉል ከቁርስ ቤቱ የሚያንስበት የመጀመሪያው ምክንያት ቅመም አይደለም፤ ጊዜ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ፤ ለምሳሌ በምፅዋ፤ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውሃውም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በድሬዳዋ 96 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳት ቢያክሉበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚህ አያልፍም። ስለሆነም ደገኛ ባቄላ ቀቃይ ከቆለኛው ይልቅ መታገሥ አለበት። ፕሬዠር የሚባለው ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት ያለው ሰው እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ስለሚያደርሰው ጊዜው በብዙ ያጥርለታል።

ሁለተኛው ምክንያት በፍሬው ውስጥ ነው። የባቄላ ሕዋሳት ፔክቲን በሚባል ነገር እንደ ጡብ በጭቃ እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል። ባቄላ በሰለ የምንለው ይህ ጭቃ ሲሟሟ ነው። ካልሲየም ያለበት ውሃ ጭቃውን ያጠነክረዋል፤ አሲድም እንዳይሟሟ ያደርገዋል። ስለዚህ ቲማቲምና ሎሚ ባቄላው ፈጽሞ ሳይበስል ድስት ውስጥ መግባት የለባቸውም። ብዙ ሰው ጨው ባቄላን ያደነድናል ይላል፤ በመዘፍዘፊያው ውሃ ውስጥ ጥቂት ጨው መጨመር ግን ቆዳውን ያለዝበዋል፤ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የካልሲየሙን ቦታ ስለሚይዝ ነው። ሶዳ ከጨው ይልቅ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሲበዛ ፉሉን ሳሙና ሳሙና ያሰኘዋል፤ ቫይታሚን ቢ1ንም ያጠፋል። ለግማሽ ኪሎ ባቄላ የሻይ ማንኪያ ሩብ ይበቃል፤ ጊዜ ላለው ሰው ያም አያስፈልግም።

ሦስተኛው የባቄላው ዕድሜ ነው። በሙቀትና በእርጥበት ብዙ ጊዜ የተከማቸ ባቄላ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል ድንጋይነቱን አይተውም። ስለዚህ ገበያ ስንወጣ የዘንድሮውን፤ ደቃቅ ፍሬ ያለውንና ያልነቀዘውን እንምረጥ።

አሠራሩ

ለ4 ተማሪ የሚበቃው ይህ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ያልተከካ ደረቅ ባቄላ፣ አንድ እፍኝ ምስር ክክ፣ 3 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ቲማቲም፣ 2 ቃሪያ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ግማሽ ሎሚ፣ ጨው፣ ዳቦ። በፍስክ ቀን ቅቤ፣ እንቁላልና እርጎ እንደ ኪሳችን ይጨመራል።

1ኛ/ መዘፍዘፍ። ባቄላውን ለቅሞና አጥቦ 2 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ 12 ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ ነው። ከቀትር በኋላ ክፍል ሳንገባ የዘፈዘፍነው እኩለ ሌሊት ገደማ ይደርሳል። ፍሬው ውሃ ጠጥቶ ክብደቱ እጥፍ ያህል ይሆናል።

2ኛ/ መቀቀል። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቶ፤ አዲስ ውሃ ከባቄላው 4 ጣት ከፍ እስኪል መጨመር። ሲፈላ አረፋውን በማንኪያ ማንሣት፤ ከዚያ እሳቱን ቀንሶ ክዳኑን ገጥሞ እንዲንተከተክ መተው ነው። እንደ ባቄላው ዕድሜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። ውሃው ካነሰ የፈላ ውሃ እንጂ ቀዝቃዛ አይጨመርም፤ ቀዝቃዛው ድስቱን ከማፍላት ያቆመዋልና። ሊበስል 45 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ምስር ክኩ ይገባል፤ ምስሩ ፈርሶ መረቁን ያወፍረዋል። ይህ የግብፅ ፉል ሠሪዎችም ዘዴ ነው። አንዱ ፍሬ በሁለት ጣት መካከል ከነቆዳው ሲፈርስ ያን ጊዜ በስሏል።

3ኛ/ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ለሚያስጨንቀው። የተዘፈዘፈውን ባቄላ 30 ደቂቃ አጥብቆ አፍልቶ፤ ክዳኑን ሳይከፍት ድስቱን በጋዜጣና በብርድ ልብስ መጠቅለል ነው። ሙቀቱ ስለማይወጣ ባቄላው ያለ እሳት ሌሊቱን መብሰሉን ይቀጥላል። ጧት ጥቅሉ ሲፈታ እንደገና ማፍላትና እስኪለሰልስ ማብሰል ግን ግዴታ ነው። ድስቱ ትልቅና በደንብ የሞላ ከሆነ ሙቀቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ቁርስ ቤቱ ለመቶ ሰው የሚሆን ድስት ስለሚጥድ በዚህ ይበልጠናል። ስለዚህ ፉል የብቸኛ ሰው ምግብ አይደለም።

4ኛ/ መረቁን አለመድፋት። ባቄላው የተቀቀለበት ውሃ ከፍሬው የወጣ ስታርችና ጣዕም የያዘ ነው። የቁርስ ቤቱ ፉል ልስላሴ ከዚህ መረቅ ይመጣል።

5ኛ/ ማቁላላት። 2ቱን ራስ ሽንኩርት ከትፎ በዘይት እስኪጠይም ማቁላላት ነው። ይህ መጠየም ከባድ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር የገለጸው ለውጥ ነው። የምግብ ስኳርና የፕሮቲን ክፍሎች ሲሞቁ ተዋሕደው ቡናማ ቀለምና አዲስ ሽታ ይፈጥራሉ፤ በፍጥነት የሚከናወነው ግን ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚያ ሊደርስ አይችልም፤ የጋለ ዘይት ግን ይደርሳል። የምግብ ቤት ሽታ የምንለው አንዱ ምሥጢር እንግዲህ ይህ ነው። ሽንኩርቱ ከጠየመ በኋላ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፤ ቀጥሎ በርበሬ ከጥቂት መረቅ ጋር፤ ከዚያ ባቄላው ከመረቁ ጋር ይገባል። እኩሌታውን በብርጭቆ ቂጥ መጨፍለቅ፤ እኩሌታውን ከነፍሬው መተው። 15 ደቂቃ ያህል እያማሰሉ ማወፈር ነው።

6ኛ/ ማሳመር። ከሙኑ በደረቅ መጥበሻ ለጥቂት ጊዜ ተቆልቶና ተወቅጦ መጨረሻ ላይ ይነሰነሳል፤ ሽታው በኖ የሚጠፋ ስለሆነ አስቀድሞ ቢገባ ለጎረቤት እንጂ ለበላተኛ አይተርፍም። ሳሕን ላይ ካወጣን በኋላ የቀረው ጥሬ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ተከትፈው ከላይ ይደረጋሉ፤ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ ይፈስበታል። የሽታና የቃጠሎ ቅንጣቶች ብዙዎቹ በቅባት እንጂ በውሃ ስለማይሟሙ፤ ቅባቱን ፈጽሞ የነፈገ ሰው ጣዕሙንም ነፈገ። ቁርስ ቤት በዘይትና በጨው ከእኛ ይልቅ ለጋስ መሆኑንም ልብ እንበል። የሰነፈ ዳቦ ቢኖር በምድጃው ላይ ይሙቅ።

የተረፈው ፉል እንደገና ተሞቆ ይበላል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በሞቃት ክፍል ተቀምጦ የዋለውን አንብላ። ቆላ ያሉ ወንድሞቻችን በዚህ የበለጠ ይጠንቀቁ።

ሁለት አደጋዎች

ባቄላ ሌሊቱን ይብሰል ስንል ከሰል ክፍል ውስጥ ይደር ማለታችን አይደለም። ይህን አጥብቀን እናሳስባለን። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክሲጂን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከዚህ ጋዝ ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጂን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ነው። በተዘጋ ክፍል የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከሰል በደጅ፤ ያውም ሰው ነቅቶ ሳለ ብቻ ይንደድ። በመኝታ ክፍል የኤሌክትሪክ ምድጃ መጠቀም የተከለከለ ከሆነም ደንቡን አክብሮ በኪራይ ቤት ካሉ ጓደኞች ጋር ማብሰል ይሻላል።

ሁለተኛው አደጋ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ ነው። ባቄላ ውስጥ ቫይሲንና ኮንቫይሲን የሚባሉ ነገሮች አሉ። ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም በውርስ የጎደለው ሰው ባቄላ ሲበላ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሊፈርሱ ይችላሉ። ይህ ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1956 የታወቀ ሲሆን በኤክስ ክሮሞዞም ስለሚወረስ በወንዶች ላይ ይበረታል። ባቄላ ከበላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሽንቱ የጠቆረ፣ ዐይኑ ቢጫ የሆነና የደከመው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እሸቱ ከደረቁ ይልቅ ይከፋል፤ መቀቀልም አደጋውን ጨርሶ አያስወግደውም።

ለሌላው ሁላችን ግን ፉል ደኅና ምግብ ነው። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ግማሽ ኪሎው ለ4 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ30 ግራም በላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። የስንዴ ዳቦ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ባቄላ ግን ሞልቶታል። ባቄላ ሜታዮኒን ሲያንሰው ስንዴ ያግዘዋል። ፉልን በዳቦ የበላ የመጀመሪያው ሰው ኬሚስትሪ ሳይማር ትክክለኛውን ማዕድ አግኝቷል።

ድስቱን ማን ይጣደው?

ይህን ካልን በኋላ ሳይነሣ የማይታለፍ ጉዳይ አለ። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው አነጋገር ከገጠር ወደ ከተማ፤ ከከተማም ወደ ዩኒቨርስቲ ተከትሎን መጥቷል። ነገሩን ስንመረምረው ግን አንድ የሚያስቅ ነገር እናያለን። በብዙ ቁርስ ቤት ፉሉን የሚጨፈልቀው ወንድ ነው፤ ማንም አያፍርበትም፤ «እጅህ ይባረክ» ይባላል። ያው ሰው በቤቱ ድስት ቢጥድ ግን ይሣቅበታል። እንግዲህ የሚያሳፍረው ሥራው ሳይሆን ያለ ደመወዝ መሥራቱ ነው ማለት ነውን? ጓደኞች በአንድ ኪራይ ቤት በተሰባሰቡ ቁጥር ድስቱ በእኅቶቻችን ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ እነርሱም እንደ እኛ ነገ ፈተና አለባቸው። ስለ እኩልነት በአዳራሽ ከምናደርገው ንግግር ይልቅ አንድ ጧት ቀድሞ ተነሥቶ ሽንኩርት መክተፍ የበለጠ ያስረዳል።

ሌላም በጎ ነገር አለ። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ፤ በአንድ ክፍል የሚኖሩ ጓደኛሞች በበዓል ቀን እንኳ ድስታቸው ይለያያል። ፉል ሥጋ የለበትም። በዐቢይ ጾም ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላልና ያለ እርጎ ይቀርባል፤ በረመዳን ፆሙን ለሚፈታውም ሆነ ለሱሑር ለሚነሣው የሚያጠግብ ነው። በአንድ ሳሕን ዙሪያ አራት እጅ ሊዘረጋበት የሚችል፤ ማንም «ይህ የእኔ አይደለም» የማይልበት ምግብ በቀላሉ አይገኝም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለውን ሳሕን አቅልሎ ማየት አይገባም።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ በልጅነታችን የበላንበትን ቁርስ ቤት እንፈልግ፤ ካለ ገብተን ባለሙያውን በትሕትና እንጠይቅ፤ ባቄላውን ከየት ያመጣል፣ ስንት ሰዓት ይቀቅላል፣ ከሙኑን መቼ ይጨምራል? ፈርሶ ከሆነ ባለሙያው የት እንደገባ እንጠይቅ። የነገረንን በወረቀት እንጻፍ። የደሴው ከጎንደሩ፤ የሐረሩ ከጅማው ምን እንደሚለይ በዚህ መጽሔት ቢወጣ ለሁላችንም ትምህርት ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንዲሉ ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። የሚጀመረው ግን በቀላል ነገር ነው፤ ቅዳሜ ማታ ግማሽ ኪሎ ባቄላ በመዘፍዘፍ።